«አርኤል 4.1» ምን ማለት ነው? የእንግሊዝኛ ስታንዳርድ ለተለማማጅ መምህራን

ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ ከቀኑ ሥር፣ በሰማያዊ ማርከር «አርኤል 4.1» ተብሎ ተጽፏል። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አራተኛ ክፍል ነው። ልጆቹ አያዩትም። እውነቱን ለመናገር አስተማሪዋም አታየውም። የተጻፈው ርእሰ መምህሩ ድንገት ከገቡ እንዲያዩት ነው።

ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የተቀመጥኩት አንዲት የኛ ልጅ፣ ተለማማጅ መምህርት፣ ስታስተምር ለማየት ነበር። ልጆቹ ይወዷታል። ድምጿ ይሰማል፣ ሰዓቷን ታውቃለች። ትምህርቱ አልቆ ኮሪደር ላይ ስንወጣ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን አይሳቁብኝ» አለችኝ። «ያ ኮድ… በየቀኑ እጽፈዋለሁ። ምን እንደሚለኝ ግን አላውቅም።»

አልሳቅኩም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይገባኝ ስጽፈው ኖሬያለሁ።

ይህን የምጽፈው ለእሷና ለመሰሎቿ ነው። ክፍል ውስጥ በረዳትነት ጀምራችሁ አሁን ወደ ሙሉ መምህርነት ለምትሻገሩ፣ አገር ቤት አስተምራችሁ እዚህ ፈቃድ ለምታወጡ፣ ኮሌጅ ጨርሳችሁ የልምምድ ወቅታችሁ ለደረሰ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ያ ኮድ የአንድ ስታንዳርድ መለያ ነው፤ ስታንዳርድ ማለት ልጁ በየክፍሉ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ግዛቱ ያወጣው ዝርዝር ነው። መጀመሪያ፣ ለምን «የግዛት» ስታንዳርድ ይባላል? አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት አለ፤ ግን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ምን ማወቅ እንዳለበት አይወስንም። ሕገ መንግሥቱን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት «ትምህርት» የሚለውን ቃል አታገኙትም። አሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን የግዛቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። ስለዚህ ትምህርት የግዛት ጉዳይ ሆነ።

ፌዴራሉ ግን ገንዘብ አለው። በጥር 2002 ፕሬዝዳንት ቡሽ የፈረሙት «ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተባለው ሕግ ገንዘቡን ከግዴታ ጋር አሰረው። ግዛቶች ስታንዳርድ ያውጡ፤ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ፣ ሃይስኩል ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ንባብና ሒሳብ ይፈትኑ አለ። ምን ዓይነት ስታንዳርድ እንደሚያወጡ ግን ለራሳቸው ተወላቸው። አንዱ ግዛት ጋ «አልፏል» የተባለ ልጅ ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት ግዛት ሲገባ «አላለፈም» ሊባል ይችል ነበር።

በሰኔ 2010 የግዛት ገዥዎች ማኅበርና የግዛት ትምህርት ኃላፊዎች ምክር ቤት ሆነው አንድ የጋራ ሰነድ አወጡ። ኮመን ኮር ይሉታል። የእንግሊዝኛውን ክፍል 46 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ተቀበሉት። ቴክሳስ፣ ቨርጂኒያ፣ አላስካና ነብራስካ አንገባም አሉ። ሚኒሶታ እንግሊዝኛውን ወስዳ ሒሳቡን ተወችው። ከዚያ ፖለቲካው መጣ። ኢንዲያና፣ ኦክላሆማና ደቡብ ካሮላይና በ2014 ወጡ። ፍሎሪዳ በ2020 የራሷን ተካች። ብዙዎቹ ደግሞ ስሙን ቀይረው፣ እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርገው፣ ያንኑ ይዘው ቀጠሉ። ሜሪላንድ ለምሳሌ «የኮሌጅና የሥራ ዝግጁነት ስታንዳርዶች» የሚል ስም ሰጠችው። በ2015 መጨረሻ የወጣው ሕግ ደግሞ ፌዴራሉ የትኛውንም ስታንዳርድ በግዛቶች ላይ እንዳይጭን በግልጽ ከለከለ።

ይህ ለናንተ ምን ያደርግላችኋል? ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትለማመዱ ከሆነ የምትይዙት ሰነድ አንድ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ አሌክሳንድሪያ ሥራ ካገኛችሁ ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ከ1995 ጀምሮ የራሷ አላት፤ ሁሉም ሰው «ኤስ ኦ ኤል» ነው የሚለው። ቴክሳስ የሄዳችሁ «ቲክስ» ሲባል ትሰማላችሁ። ኮዱ ይለያል፣ አከፋፈሉ ይለያል። ይዘቱ ግን የፖለቲከኞቹን ጩኸት ያህል አይራራቅም። የትም ብትሄዱ የአራተኛ ክፍል ልጅ ያነበበውን በማስረጃ እንዲናገር ይፈለጋል። ስለዚህ አንዱን በደንብ ማንበብ የቻለ ሌላው አይከብደውም። እዚህ የኮመን ኮርን አጻጻፍ ይዤ እሄዳለሁ። እናንተ ግን ስታንዳርድ በየጊዜው ስለሚታደስ፣ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት የግዛታችሁን የአሁኑን ሰነድ ከራሱ ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ አውርዱ። ጓደኛ የላከላችሁ ፒዲኤፍ ላይ አትመኩ።

አሁን ለኛ ሰው የሚከብደው ነገር ላይ ደረስን።

አገር ቤት የተማርን ሰዎች መጽሐፉ ራሱ ሥርዓተ ትምህርቱ ነበር። ጎበዝ መምህር ማለት ፖርሽን የሚጨርስ ነው። ከፈተና በፊት ምዕራፍ ስምንት ካልተሸፈነ ቅዳሜም ቢሆን ይገባል። ይህ ልማድ ደማችን ውስጥ ገብቷል። እዚህ መጥተን ስታንዳርድ የሚባል ነገር ሲሰጠን ያው ሌላ ፖርሽን ይመስለናል። ዛሬ 4.1፣ ነገ 4.2፣ ከነገ ወዲያ 4.3። ምልክት እያደረጉ ማለፍ።

እንደዚያ አይደለም። ስታንዳርድ ልጁ ዓመቱ ሲያልቅ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ብቻ ነው የሚናገረው። ቦሌ ድረስ ይላል። በሜክሲኮ ዙር ወይስ በመስቀል አደባባይ፣ በታክሲ ወይስ በእግር፣ እሱን አይልም። መንገዱ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ እሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው የትምህርት ዲስትሪክቱ ነው። ታክሲው መጽሐፉ ነው። የዛሬዋን ፌርማታ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ሌሰን ፕላን የሚባለው እሷ ናት። አራቱን መለየት ያልቻለ ተለማማጅ «ስታንዳርዱ ይህን ታሪክ አስተምሩ ይላል» ይላል። አይልም። ኮመን ኮር ውስጥ በስም የተጠሩ ጽሑፎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሃይስኩል ላይ የሼክስፒር ተውኔት አለ፤ የነጻነት አዋጁና የሊንከን ሁለተኛው የሹመት ንግግር፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የበርሚንግሃም እስር ቤት ደብዳቤ የመሳሰሉ የአገሪቱ ሰነዶችም ተጠቅሰዋል። የቀረው ምርጫ ነው።

ኮዱን እንፍታው። «አርኤል» የሥነ ጽሑፍ ንባብ ነው፤ ታሪክ፣ ተውኔት፣ ግጥም። «አርአይ» መረጃ ሰጪ ጽሑፍ። «አርኤፍ» የንባብ መሠረት፣ ፊደልና ድምፅ ማገናኘት፣ አቀላጥፎ ማንበብ፤ ይህ እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው ያለው። «ደብልዩ» መጻፍ፣ «ኤስኤል» መናገርና ማዳመጥ፣ «ኤል» ቋንቋው ራሱ፣ ሰዋስውና የቃላት ዕውቀት። መሀል ያለው ቁጥር ክፍሉ ነው። የመጨረሻው ቁጥር ስንተኛው ስታንዳርድ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ አርኤል 4.1 ማለት የሥነ ጽሑፍ ንባብ፣ አራተኛ ክፍል፣ አንደኛው ስታንዳርድ። በቃ። እንደ ስልክ ቁጥር ነው።

በነገራችን ላይ አርኤል 4.8ን ፍለጋ ማታ እንቅልፍ አትጡ። ስምንተኛው ስታንዳርድ የአንድን ጽሑፍ ክርክርና ማስረጃ ስለ መመዘን ስለሆነ ለሥነ ጽሑፍ አይሠራም ተብሎ ተዘሏል። አንድ ተለማማጅ ገጽ የጎደለበት መስሎት ሰነዱን ሦስት ጊዜ አትሞ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ቁጥር ደግሞ ትልቅ ምሥጢር አለው። ከኬጂ እስከ አሥራ ሁለተኛ አይቀየርም። አንደኛው ስታንዳርድ የትም ክፍል ብትሄዱ ስለ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ስለ ጭብጥ ነው። ሦስተኛው ስለ ገጸ ባሕርያትና ድርጊት። «አንከር» የሚሏቸው እነዚህ ናቸው፤ ለንባብ አሥር፣ ለመጻፍ አሥር፣ ለመናገርና ማዳመጥ ስድስት፣ ለቋንቋ ስድስት፣ በድምሩ 32። የሚቀየረው ልጁ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው። ስለዚህ ስታንዳርድ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚነበበው። የናንተን ክፍል ብቻ ካነበባችሁ ምንም አይነግራችሁም። ከሥሩ ያለውንና ከላዩ ያለውን አጠገቡ ስታስቀምጡት ግን ይናገራል።

ላሳያችሁ። የምናውቃትን ተረት እንያዝ።

አህያ፣ ፍየልና ውሻ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አህያ መውረጃዋ ሲደርስ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች። ፍየል ሳትከፍል ዘላ ወርዳ ጠፋች። ውሻ ድፍን ብር ሰጠ፤ ረዳቱ መልሱን ሳይሰጠው አውቶቡሱ ሄደ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መኪና ሲመጣ አህያ ከመንገድ አትነቃነቅም። ፍየል ትሮጣለች። ውሻ ደግሞ እየጮኸ ያባርራል።

ኬጂ ላይ ስታንዳርዱ የሚለው፣ ልጁ በመምህሩ እገዛ ስለ ጽሑፉ ዋና ዋና ነገሮች ይጠይቅ፣ ይመልስ ነው። «እነማን ናቸው አውቶቡስ የተሳፈሩት?» እናንተ ሥዕሉን እየጠቆማችሁ። አንደኛ ክፍል ላይ ያው ነው፤ «በእገዛ» የሚለው ሐረግ ግን ተነሥቷል። አንዲት ሐረግ ናት፤ ግን የአንድ ዓመት ሥራ ናት። ሁለተኛ ክፍል ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉት ይገባሉ። ሦስተኛ ላይ ልጁ መልሱን ከጽሑፉ ላይ ማሳየት አለበት። «ፍየሏ አልከፈለችም» ካለ፣ «የቱ ጋ ነው የሚለው?» ትሉታላችሁ፤ ጣቱን ያሳርፋል።

አራተኛ ክፍል፣ ያ ሰሌዳው ጥግ ላይ ያለው፣ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ጽሑፉ በግልጽ የሚለውን ሲያብራራም፣ ጽሑፉ ያላለውን ሲደርስበትም፣ ልጁ ከጽሑፉ ዝርዝርና ምሳሌ እያነሣ ይሁን። አዲሱ ነገር ይህ ነው፤ ከተጻፈው ተነሥቶ ያልተጻፈውን መድረስ። «ፍየሏ ለምን ትሮጣለች?» ጽሑፉ «ፈርታ ነው» አይልም። ልጁ ግን ሳትከፍል መውረዷን ከመሮጧ ጋር አገናኝቶ «ዕዳ ስላለባት ነው» ማለት ይችላል። አራተኛ ክፍል ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ መምህር «ሰምና ወርቅ በሉኛ!» ይላል። ይመሳሰላል፤ ግን አንድ አይደለም። ቅኔው ውስጥ ወርቁን የቀበረው ባለቅኔው ራሱ ነው፤ አውቆ። እዚህ ግን ማንም ምንም አልደበቀም። አንባቢው ነው ፍንጮቹን ገጣጥሞ ክፍተቱን የሚሞላው። ልዩነቱ የሚመጣው ስታርሙ ነው። ቅኔ ላይ የምትፈልጉት ወርቁን ነው። እዚህ የልጁ ግምት ከናንተ ቢለይም፣ ከጽሑፉ የቆመበትን ድንጋይ ካሳየ አግኝቷል።

አምስተኛ ላይ በትክክል፣ ቃል በቃል ጠቅሶ። ስድስተኛ ላይ ትንታኔውን በማስረጃ ደግፎ። ሰባተኛ ላይ አንድ ማስረጃ አይበቃም፣ ብዙ አምጣ ይላል። ስምንተኛ ላይ ከብዙዎቹ የትኛው ይበልጥ ይደግፋል፣ ምረጥ። ዘጠነኛና አሥረኛ ጠንካራና የተሟላ ማስረጃ። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ላይ ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር ይመጣል፤ ጽሑፉ ራሱ የቱ ጋ ነገሩን ሳይቋጭ እንደተወው መለየት። ረዳቱ መልሱን ያልሰጠው ረስቶ ነው ወይስ አውቆ? ጽሑፉ አይልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ «አይልም፣ ይህ ደግሞ የታሪኩን ትርጉም እንዲህ ይነካዋል» ሊል ይገባዋል።

ኬጂ ላይ «እነማን ናቸው?» ብሎ የጀመረ ስታንዳርድ አሥራ ሁለተኛ ላይ «ምን አልተነገረም?» ብሎ ይጨርሳል። ያው አንድ ስታንዳርድ ነው። ያቺን የኮሪደር ልጅ ይህን መሰላል በወረቀት አስይዤ ወደ ቤቷ ላክኋት። «እና እኔ እስካሁን ያስተማርኩት የሁለተኛ ክፍሉን ነው ማለት ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። አዎ ነበር። ጥያቄዎቿ ሁሉ ማን፣ የት፣ መቼ ነበሩ።

ሁለተኛው ስታንዳርድ ላይም እኛን ለይቶ የሚጠብቀን ጉድጓድ አለ። ተረት ስናበቃ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዕዳ መክፈል!» ይላሉ። ጥሩ። ግን ሰነዱን አንብቡት። ከተለያዩ ባህሎች የመጡ ተረቶችን መልሶ መተረክና መልእክታቸውን መለየት፣ እሱ የሁለተኛ ክፍል ነው። ሦስተኛ ክፍል ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፤ መልእክቱ በጽሑፉ ዝርዝሮች እንዴት እንደተላለፈ ማስረዳት። አራተኛ ላይ «ትምህርት» የሚለው ቃል ራሱ ይቀርና «ጭብጥ» ይመጣል፤ ማሳጠርም ይጨመራል። የኛ የተረት ጥያቄ የሁለተኛ ክፍሉ ላይ ይቆማል። ሦስተኛውን ለማምጣት የሚያስፈልገው «እንዴት አወቅህ?» ብቻ ነው። ለነገሩ ይህች «እንዴት አወቅህ» የዚህ ሁሉ ሰነድ ግማሽ ናት።

ተረቶቻችን እዚህ ቦታ አላቸው ማለቴም ነው። «ከተለያዩ ባህሎች» የሚለው ቃል በስታንዳርዱ ውስጥ ተጽፏል። ይዛችሁ ስትመጡ ከፕሮግራሙ እየወጣችሁ አይደለም። መካሪ መምህራችሁን አስፈቅዱ፣ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፉት፣ ለክፍሉ የሚመጥን መሆኑን አስዩት።

ስለ መጻፉ ብዙ አልልም። ሦስት ዓይነት ነው፤ ሐሳብን በምክንያት ማቅረብ፣ ማስረዳት፣ መተረክ። የመጀመሪያው እስከ አምስተኛ ክፍል «አስተያየት» ይባላል፣ ከስድስተኛ ጀምሮ «ክርክር» ይሆናል። ሰባተኛ ላይ ልጁ የተቃራኒውንም ሐሳብ እንዲያነሣ ይጠበቃል። ከኛ ቤት የመጣ ልጅ እዚህ ሊከብደው ይችላል። ቤት ውስጥ ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር አፍ መመለስ ነውና። ዝም ያለው ሐሳብ አጥቶ ላይሆን ይችላል። ሌላው ብዙ ወላጅ የማያውቀው፣ አራተኛ ክፍል ላይ በአንድ መቀመጫ አንድ ገጽ በኮምፒውተር መተየብ የሚል አለ፤ አምስተኛ ላይ ሁለት ገጽ፣ ስድስተኛ ላይ ሦስት። የግዛቱ ፈተና በኮምፒውተር የሆነበት ልጅ ፊደል ፍለጋ ላይ ሰዓቱ ሲያልቅ አይቻለሁ። ይህንን ለወላጆች ንገሩልኝ።

በመምህራን ክፍል የምትሰሙት አንድ የተሳሳተ ወሬም አለ። «ኮመን ኮር ልብ ወለድን ገደለ፣ 70 በመቶ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ብሏል።» ቁጥሩ አለ። አራተኛ ክፍል እኩል በእኩል፣ ስምንተኛ 45 ለ55፣ አሥራ ሁለተኛ 30 ለ70። ግን ይህ የልጁ የቀኑ ንባብ ሁሉ ነው፤ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ሁሉም ተደምሮ። የባዮሎጂ መጽሐፉም ይቆጠራል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ግጥሙን ይጣል አላለም። ይህን ያላነበቡ ትምህርት ቤቶች ግን በእውነት ልብ ወለዱን ቀንሰዋል። ጥፋቱ የአንባቢው ነው ብዬ ማለፍ እችላለሁ። እኔ ግን ወሳኝ ነገርን ማብራሪያ ጥግ ላይ የቀበረ ሰነድም ከጥፋቱ ነጻ ነው አልልም።

አሥረኛው የንባብ ስታንዳርድ ስለ ጽሑፍ ክብደት ነው። በሦስት ነገር ይለካል። በቁጥር፣ የዓረፍተ ነገሩን ርዝመትና የቃላቱን ክብደት እንደሚለካው ሌክሳይል ያለ። በይዘት፣ ትርጉሙ ስንት ድርብ ነው፣ ቋንቋው ይጠማዘዛል ወይ። ሦስተኛው አንባቢውና የተሰጠው ሥራ። የአውቶቡሷ ተረት በቁጥር ቢለካ ሁለተኛ ክፍል ላይ ልትወድቅ ትችላለች፤ ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው። አሁን እንዳየነው ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ትሄዳለች። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ።

እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ደግሞ ሌላ ሰነድ ከጎን አለ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲና ሚኒሶታ «ዊዳ» የተባለው ማኅበር ውስጥ ናቸው። ልጁ በእንግሊዝኛው ከአንድ እስከ ስድስት ደረጃ ይሰጠዋል። ይህ የቋንቋ ደረጃ እንጂ የማሰብ ደረጃ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ደግ መምህር የሚሳሳተው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ አራተኛ ክፍል ገባ። መምህሩ ያዝንና የአንደኛ ክፍል ጥያቄ ይሰጠዋል። ልጁ አንደኛ ክፍል ላይ ተተከለ ማለት ነው። ስታንዳርዱ አይወርድም፤ የሚጨመረው እገዛ ነው። ቁልፍ ቃላት በሥዕል፣ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ተጽፎ፣ ከጓደኛ ጋር ማውራት። አማርኛ የምትችሉ ደግሞ ማንም የሌለው መሣሪያ በእጃችሁ ነው። «ፍየሏ ለምን ትሮጣለች?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት። «ዕዳ ስላለባት፤ ሳትከፍል ወርዳለች ይላልኮ» ካለ፣ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረው እንግሊዝኛው ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያይለት ሰው ከሌለ ግን የልጁ ወረቀት ባዶ ነው፤ ባዶ ወረቀት ደግሞ ዜሮ ይባላል።

ታዲያ ሌሰን ፕላኑ እንዴት ይጻፍ? ያቺ ልጅ መጀመሪያ ያመጣችልኝ ዕቅድ «ተማሪዎች ታሪኩን ያነባሉ፣ ይወያያሉ» ይል ነበር። ያነባሉ፣ ይወያያሉ፤ ከዚያስ? ከኋላ እንጀምር አልኳት። ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ልጁ በትንሽ ወረቀት ላይ ምን ጽፎ ቢሰጥሽ አርኤል 4.1ን ደረሰ ትያለሽ? ብዙ አሰበች። «ጽሑፉ ያላለውን አንድ ነገር፣ ከጽሑፉ ሁለት ማስረጃ ጋር» አለች። በቃ፣ ዕቅዱ ተጻፈ። ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ነው። እዚያ ለመድረስ የትኛው ጽሑፍ ይመቻል? የትኛውን ጥያቄ መጀመሪያ ልጠይቅ? የት ጋ ይሰናከላሉ? አንዱን ምሳሌ እኔ ጮክ ብዬ እያሰብኩ ላሳይ?

አንድ ትምህርት አንድ ስታንዳርድ ብቻ መያዝ የለበትም። ሲወያዩ ኤስኤል ይገባል፣ ሲጽፉ ደብልዩ። ግን የምትመዝኑት አንዱን ይሁን። አምስት ኮድ የተደረደረበት ዕቅድ ሳይ መምህሩ የትኛውን እንደሚፈልግ አያውቅም ብዬ እጠረጥራለሁ። ደግሞም ያው ስታንዳርድ መስከረም ላይም፣ ጥር ላይም፣ ግንቦት ላይም ይመለሳል፤ ጽሑፉ ይከብዳል፣ እገዛው ይቀንሳል። ያኛውን የፖርሽን ልማድ መስበር ያለባችሁ እዚህ ነው። «4.1ን ጨርሻለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አህያዋን፣ ፍየሏንና ውሻውን ይዛ ገባች። እኔ አልነበርኩም፤ ማታ በስልክ ነው የሰማሁት። ልጆቹ ፍየሏ ላይ ተስማሙ። ውሻው ላይ ግን ተጣሉ። አንዱ ረዳቱ ሌባ ነው አለ። ሌላዋ የለም ረስቶ ነው አለች። «የቱ ጋ ነው የሚለው?» ብላ ስትጠይቃቸው ሁሉም ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ቀና ብሎ «አይልም፤ ውሻውም አያውቅም፤ ለዚህ ነው እስካሁን የሚጮኸው» አለ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው የስንተኛ ክፍል ነበር?» አለችኝ።

«የአሥራ ሁለተኛ» አልኳት። «ሰሌዳው ላይ ያለውን ግን አትቀይሪው።»